ወንበሩ ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም

ይቺ ልጅ እስከ መቼ ነው የሁለት ሰው ሥራ ተሸክማ የምትዘልቀው?

ይህን ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ፤ መልስ ግን የለኝም። በቤቴ ላሉት ሁለት ሊቃውንት ባቀርበው አንዱ በጃፓን ይመልስልኛል፣ ሌላው በአሜሪካ። እኔ የምጠይቀው በልደታ ነው።

ልጅ የምላት የልጅ ልጄን ኑኃሚንን ነው። እናቷ ካረፈች ወዲህ እሷንም ታናሽ ወንድሟን ቶኩማንም ያሳደግኋቸው እኔ ነኝ። ሊቃውንቱ ደግሞ አንዱ ይኸው ቶኩማ ነው፤ ሁለተኛው የኑኃሚን ባል በሱፍቃድ። ሦስቱም የሚሠሩት አንድ ጫማ ፋብሪካ፣ አራታችንም የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ። ጠዋት አንድ ሰርቪስ ይወስዳቸዋል፣ ማታ አንድ ሰርቪስ ያመጣቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር የለም። አባቱ "ቶኩማ" ብሎ ስም ያወጣለት በኦሮምኛ አንድነት ማለት ስለሆነ ነበር። ምስኪን፣ በሱፍቃድ የሚባል አማች እንደሚመጣበት የት ያውቃል!

ቶኩማ የፋብሪካው የካይዘን ኃላፊ ነው። ካይዘን ማለት የጃፓኖች አሠራር ነው፤ ትንሽ በትንሽ፣ በየቀኑ፣ ሠራተኛው ሐሳብ እየሰጠ፣ ዕቃው በየቦታው እየተቀመጠ ሥራ የሚሻሻልበት። ለሥልጠና ጃፓን ሄዶ የተመለሰ ዕለት ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ይሁን፣ ደግ ነው አልኩ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ። ይህም የእኛው ነው፣ እኛ ስንተወው ጃፓን አገኘው አልኩ። ከዚያ ወጥ ቤት ገባ። ያኔ ነው መከራዬ የጀመረው።

በሱፍቃድ የዕቅድ ክፍል ኃላፊ ነው። ማታ ማታ ተምሮ ማስትሬቱን የያዘ፣ የፈረንጅ የሥራ አመራር መጽሐፍ በስልኩ የሚያዳምጥ ሰው። ታክሲ ውስጥ ጆሮው ላይ ሰክቶ ራሱን ሲነቀንቅ ሰዉ መዝሙር የሚሰማ እየመሰለው ያከብረዋል። የእሱ ሃይማኖት ትንሽ በትንሽ የሚባል ነገር አያውቅም። ያረጀ አሠራር አይጠገንም፣ ከሥሩ ተነቅሎ በባዶ ወረቀት ይጀመራል ባይ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩን ያለፈ ይሸለማል፣ ያላለፈ ይሰናበታል።

"እናንተ ጃፓኖች አንድ ብሎን ለማጥበቅ ስብሰባ ትጠራላችሁ" ይለዋል ቶኩማን።

"እናንተ አሜሪካኖች ደግሞ ብሎኗ ላልታ ከተገኘች ፋብሪካውን ትሸጣላችሁ" ይመልስለታል።

አንዱ ጃፓንን ለጥቂት ሳምንት ያየ፣ ሌላው ከሞጆ ወዲያ ያልሄደ፤ ሲነጋገሩ ግን "እናንተ" እና "እኛ" ነው። የሚያናድደኝ ደግሞ ሁለቱም ልክ መሆናቸው ነው።

ሁለቱም ብክነት የሚሉት ጠላት አላቸው። ለጃፓኑ ብክነት መመላለስ ነው፣ ቆሞ መጠበቅ ነው፣ ዕቃ መከመር ነው። ለአሜሪካው ብክነት ደመወዝ ነው። ጃፓኑ ሠራተኛውን ከሥራ ሰዓት በኋላ ክበብ በሚሉት ስብሰባ ሰብስቦ "ሐሳብ ስጡ" ይላል። ሠራተኛው በዚያ ሰዓት ያለው አንድ ሐሳብ ቤቱ መሄድ ነው፤ እሱን ደግሞ አይቀበሉለትም። አሜሪካው "የወሩ ምርጥ ሠራተኛ" ብሎ ፎቶ ይሰቅላል። የስፌት ክፍል ኃላፊ የሆነችው ኑኃሚኔም ተሰቅላለች። ፎቶዋ ይስቃል አሉ፤ ቤት የምትመጣልኝ ግን ሌላዋ ናት።

ቤቱንማ ምኑን ልንገራችሁ። ቶኩማ ፍሪጁ ላይ አምስቱን "ማ" ለጠፈ፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ማጣራት ማለት የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው መለየት ነው፤ የማያስፈልገው ላይ ቀይ ካርድ ይንጠለጠልበታል። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የሟቹ ባለቤቴ ራዲዮ ላይ ቀይ ካርድ ተንጠልጥሎ አገኘሁ።

"እምዬ፣ ይሠራል?" አለኝ።

"አይሠራም።"

"ታዲያ ምን ያደርጋል?"

"አያትህም አይሠራም፤ ፎቶውን ግን ሰቅዬዋለሁ።"

ካርዱን አነሳው። በሱፍቃድ ሶፋው ላይ ተንፈላስሶ ይስቃል። እሱም ግን አልማረኝም። በሳምንቱ ምግብ በስልክ እየታዘዘ ቢመጣ ይሻላል ብሎ ተነሣ። "እማማ፣ ዋና ሥራችን ያልሆነውን ለውጭ ሰው መስጠት ነው" አለኝ። የዚህ ቤት ዋና ሥራ ምን እንደሆነ ብጠይቀው ስልኩን ማገላበጥ ጀመረ። "መብላት ነው" አልኩት።

ከሁሉ የማልረሳው የምስር ወጡን ነገር ነው። ቅዳሜ ነው፤ ወጡን ጥጄ ሳለሁ ውሃ መጣ ተባለ። በእኛ ሕንጻ ውሃ በተራ ነው የሚመጣው፤ ካመለጠ አመለጠ። ባልዲ ይዤ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጥኩ። ስመለስ ቤቱ ጢስ በጢስ ሆኗል፤ ቶኩማ ወጥ ቤት በር ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ጃፓኖች ችግር ሲገጥማቸው አምስት ጊዜ "ለምን" ብለው ይጠይቃሉ፣ ሥሩ ላይ እስኪደርሱ።

"እምዬ፣ ወጡ ለምን አረረ?"

"ትቼው ስለሄድኩ።"

"ለምን ትተሽው ሄድሽ?"

"ውሃ ስለመጣ።"

"ውሃ ስለመጣ ለምን ሮጥሽ?"

"በርሜሉ ባዶ ስለነበረ።"

"በርሜሉ ለምን ባዶ ሆነ?"

"አንተ ጠዋት ገላህን ስለታጠብክበት!"

አምስተኛውን ሳይጠይቅ ቀረ።

በሱፍቃድ ከሶፋው አልተነሣም። "ጥያቄው ራሱ ስሕተት ነው" አለ። "ለምን አይባልም፤ ማን ነው የሚባለው። የዚህ ወጥ ባለቤት ማን ነው? ተጠያቂነት የሌለበት ወጥ ያርራል።"

አንዱ ለምን፣ ሌላው ማን እያሉ ሲከራከሩ፣ ከመኝታ ቤት ወጥታ ድስቱን ከምድጃው ያወረደችው ኑኃሚን ናት። እጇንም ያቃጠላት እሷን ነው። ሁለቱም አላዩም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ በቤት ውስጥ ሲሆን ያስቃል። ፋብሪካ ሲገባ ግን ሰው አለበት። ነጅማ አለችበት።

ነጅማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጎረቤታችን ናት። ጎረቤት ስል የዛሬ አይደለም፤ ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ፣ በድሮው መንደር፣ የእኔና የእሷ ቤት አንድ ግድግዳ ነበር የሚለየው። ከኔ ሽንኩርት ከሷ ዘይት ሲመላለስ የኖረ። ባሏ ሚኒባስ ይነዳ ነበር፤ ወገቡን ታሞ ተኝቷል። ልጆቹን የምታበላው በዚያ ፋብሪካ፣ በኑኃሚን ክፍል፣ ጫማ እየሰፋች ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። የቶኩማ ሰዎች ለማጣራት ቀይ ካርዳቸውን ይዘው ስፌት ክፍል ይገባሉ። የነጅማ ወንበር እግሩ ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ ነው። አዲስ ይምጣልኝ ብላ ስንት ጊዜ ተናግራለች። እሷ ምሳ በልታ፣ ሰላቷን ሰግዳ ስትመለስ ቦታዋ ላይ ቀይ ካርድ ተንጠልጥሏል። "ምንድን ነው?" ብላ የምትጠይቀው ሰው የለም፤ ኃላፊ የተባለ ሁሉ ስብሰባ ገብቷል። የስብሰባው ርዕስ "ከሠራተኛው ጋር የሚኖረንን የመረጃ ልውውጥ ስለማሻሻል" ነበር። ይህን የፈጠርኩት አይደለም፤ ቶኩማ ራሱ ነው የነገረኝ፣ ሳያፍር። ስብሰባ ያልገባችው ኑኃሚን ደግሞ ክር ልታወጣ መጋዘን ሄዳለች። ነጅማ ካርዱን አየችው፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ በበሩ ወጣች፣ ታክሲ ተሳፍራ ቤቷ ገባች።

ቀጥሎ የሆነውን ስሙኝ። ቶኩማ ወንበሩን አስወጣና ፎቶ አነሳ። ካይዘን ያለ ፎቶ አይሆንም፤ አንድ "በፊት"፣ አንድ "በኋላ"። በፊት፦ የተሰበረ ወንበር። በኋላ፦ የተወለወለ ወለል። "አላስፈላጊ ዕቃ ተወግዶ ቦታ ተገኝቷል" ብሎ ሪፖርት አደረገ። በሱፍቃድ ደግሞ አንዲት ሠራተኛ አለመኖሯን አየ፤ "በገዛ ፈቃዷ ለቃለች፣ የሰው ኃይል ያለ ወጪ ቀንሷል" ብሎ ሪፖርት አደረገ። ሥራ አስኪያጁ በአንድ ስብሰባ ሁለቱንም አመሰገነ፤ ተጨበጨበላቸው። ጃፓንና አሜሪካ በዚህ ቤት ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ።

የዚያን ዕለት ማታ ኑኃሚን ገና ከበሩ ሳትገባ ጀመረች።

"ቶኩማ፣ ካርዱ ለወንበሩ ነበር አይደል?"

"ለወንበሩ ነው እንጂ! ሰው ላይ ካርድ አይንጠለጠልም። ካይዘን ሰውን ያከብራል።"

"እንግዲያው ሁለተኛ ፎቅ ውረድና ንገራታ። ወንበሩ ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም፣ ነገ ይምጡ በላት። በቃ፣ ይኸው ነው።"

"የችግሩ ሥር ሳይታወቅ ተጣድፎ መፍትሔ መስጠት አይቻልም ኑኃሚን። ቀስ በቀስ…"

"እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አልኩ እኔ። ይህን ተረት ሥልጠና አዳራሹ ውስጥ በትልቁ አስጽፎ ሰቅሎታል፤ ከጃፓን ያመጣው ይመስል። እኔ በዕድሜዬ በእግሩ ከሄደው እንቁላል ይልቅ የተረገጠውን ነው ያየሁት።

ኑኃሚን ወደ ባሏ ዞረች። "አንተስ?"

"ሪፖርቱ ወጥቷል" አለ በሱፍቃድ። "ደግሞ እኔ አላባረርኳትም። ካርዱን የሰቀለው ያውርደው።"

"ልጄ፣ ተዪአቸው" አልኳት ወጥ ቤት ስትገባ። ፈርቼ ነው። ነጅማን እያዘንኩላት፣ ነገ ቀዩ ካርድ የሚንጠለጠለው በዚችኛዋ ላይ ቢሆንስ ብዬ። "አንቺ አርፈሽ ሥራሽን ያዢ፤ አፍሽን ከከፈትሽ አንቺንም ያጣሩሻል።"

እሷ ግን ሥራዋን ብቻ አልያዘችም፤ የነጅማንም ጨመረችበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኃላፊነቷን እየሠራች፣ በነጅማ የስፌት መኪና ደግሞ ካርቶን ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች። ማታ ስትመጣ ጣቶቿ አብጠው ማንኪያ አይጨብጡላትም። ለምን እንዲህ እንደምትሆን ብጠይቃት አትነግረኝም። ሌሊት ስትገላበጥ እሰማታለሁ። ምን ላድርግ? ቅባት እቀባታለሁ።

በመጨረሻ ራሴ ወደ ነጅማ ወረድኩ።

"ነጅማ፣ ተሳስተሻል እኮ። ካርዱ ለወንበሩ ነው አሉ።"

ሳቀች። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። "እማማ ሀረገወይን፣ ያኔ ሊያፈርሱ መጥተው ቤታችን ላይ ቀይ ቀለም የቀቡ ቀን፣ 'ግድግዳው ነው እንጂ እናንተ አይደላችሁም' ያለን ሰው ነበር?"

የድሮው ልደታ ሰው ቀይ ምልክት አይቶ ትርጉም አይጠይቅም። ቀይ የተቀባ ዕለት ዕቃ ይጠቀለላል፣ በቃ። ይህን ጃፓንም አላስተማረን፣ አሜሪካም አላስተማረን።

"ቢሆንም ሂጂና ጠይቂ" አልኳት።

"አልጠይቅም። የሚፈልገኝ ካለ ይጥራኝ። ስሜን ያውቁታል፣ ቤቴን ያውቁታል። ሁለተኛ ፎቅ ነኝ እንጂ ቶኪዮ አይደለሁም።"

ልክ ናት። ስለዚህ እኔው ሽማግሌ ሆንኩ። እሑድ ከሰዓት ነጅማን ሻይ ጠራኋት፤ ሁለቱን ሊቃውንት ደግሞ አስቀምጬ አስጠናኋቸው። የምትባለው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ "ወንበሩ ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም፤ ሰኞ ይምጡ።" ሕፃን ይላታል። እነሱ ግን በዚህችም ተጣሉ። ቶኩማ "ሰኞ ይምጡ ማለት የዕቅድ ክፍል ሥልጣን ነው" አለ። በሱፍቃድ "ስለ ወንበር የሚመለከተኝ ነገር የለም" አለ። እንግዲያው ለሁለት ክፈሏት አልኩ፤ ቶኩማ እስከ "አይደሉም" ድረስ፣ በሱፍቃድ ከዚያ ወዲያ። ተስማሙ። ኑኃሚን ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለችልኝ።

ነጅማ አዲስ ሻሽ አስራ፣ ብርቱካን በፌስታል ይዛ መጣች። ለእሷ ስል ዳቦና ሽሮ ነበር ያዘጋጀሁት፤ ሥጋ ቤቴ አልገባም። ኑኃሚን ሻይ ከፔርሙዙ ቀዳች። ተቀመጥን። ለቶኩማ በዓይኔ ጠቀስኩት።

"እትዬ ነጅማ" አለ ቶኩማ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ባለፈው ስለሆነው ነገር… ወንበሩ ነው እንጂ…"

እሰይ፣ ጨርሳት የኔ ልጅ፣ አልኩ በሆዴ።

"…ማለቴ፣ እንዲያው ለመማማር ያህል፣ ካርዱን ሲያዩት ለምን ሄዱ?"

"ቀይ ስለሆነ" አለች ነጅማ።

"ቀይ ስለሆነ ለምን ሄዱ?"

"አንተ ልጅ፣ ቤታችን ሲፈርስ እዚህ አልነበርክም? የእናትህን ቁም ሣጥን በጀርባህ ይዘህ አልወጣህም?"

ቶኩማ ፊቱ በራ። አፈረ መስሎኝ ነበር። "ቀለሙ ነው!" ብሎ ብድግ አለ። "እምዬ፣ ሥሩ ተገኘ! ችግሩ ቀለሙ ነው! ካርዱ ቢጫ መሆን ነበረበት! እትዬ ነጅማ፣ ይሄ ራሱን የቻለ የማሻሻያ ሐሳብ ነው፤ በእርስዎ ስም አቀርበዋለሁ። የሠራተኛ ሐሳብ የሚባለው እንዲህ ነው!"

"የየትኛዋ ሠራተኛ?" አለች ነጅማ።

አልሰማትም። በሱፍቃድ ነው የመለሰለት። "ቢጫ ምን ለውጥ ያመጣል? በኳስ ሁለት ቢጫ ያው ቀይ ነው።"

"ሰማያዊ ይሁን እሺ!"

"በሱፍቃድ" አልኩት፣ ክርክሩን ለመቁረጥ፣ "ያንተ ተራ ነው የኔ ጌታ። ሰኞ በላት።"

በሱፍቃድ ስኒውን አስቀመጠ። "አዎ፣ እትዬ ነጅማ፣ ሰኞን በተመለከተ…" አለና እንደ ስብሰባ መሪ ዙሪያውን ተመለከተ። "ግን አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር። ሰው በስሜት ሳይሆን በቁጥር ነው መወሰን ያለበት። እርስዎ ከለቀቁ ወዲህ የስፌት ክፍል ምርት አልቀነሰም። አንድ ጥንድ ጫማ እንኳ አልጎደለም። እንግዲህ ቁጥሩ ምን እያለን ነው? ቦታው ትርፍ ነበር እያለን ነው። እኔ አይደለሁም ያልኩት።"

ኑኃሚን ሻይ መቅዳቷን አቆመች። "ለምን እንዳልቀነሰ ታውቃለህ?"

"የዒላማ ሥርዓቱ ነው። ሰው ቁጥር ሲሰጠው ይሠራል።"

"ኧረ ተው!" አለ ቶኩማ። "ወንበሩ ተነሥቶ ቦታው ስለሰፋ ነው። መመላለስ ቀነሰ። ንጹሕ ካይዘን ነው!"

ሁለቱም ልጃቸው ፈተና ያለፈላቸው አባት ይመስሉ ነበር። ኑኃሚን ፔርሙዙን አስቀመጠችና ሁለት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። እየሸሸገችኝ ኖሮ እኔም በቀን ብርሃን እንዲህ አላየኋቸውም ነበር። ጣቶቿ በፕላስተር ተጠቅልለዋል፤ አውራ ጣቷ ጥፍሩ ጠቁሯል።

"ይኼ ነው" አለች።

በሱፍቃድ ጎንበስ ብሎ አየ። የገዛ ሚስቱን እጅ ነው የሚያየው፤ ዓይኑ ግን የዕቅድ ክፍል ዓይን ነው። "ጓንት አልተሰጣችሁም እንዴ? የአቅርቦት ክፍል ተጠያቂ መሆን አለበት።"

"ይሄማ ብክነት ነው" አለ ቶኩማ፣ አዝኖ። "ከአቅም በላይ መጫን። ጃፓኖች ለብቻው ስም አላቸው።"

ነጅማ ግን የኑኃሚንን እጅ ያዘችው። "አንቺ ልጅ፣ የኔን ስፌት የምትሰፊው አንቺ ነሽ?"

"ቦታዎ እንዳይዘጋ ብዬ ነው እትዬ ነጅማ። ሥራው ከተጓደለ መኪናውን ወደ ሌላ ክፍል ይወስዱታል ብዬ። እስኪመለሱ ድረስ ልያዘው ብዬ።"

ነጅማ እጇን አገላብጣ አየችው። "ዘጋሽው እኮ፣ የኔ እናት" አለች ቀስ ብላ። "በደግነትሽ ዘጋሽው።"

አላስችል አለኝ። "በሱፍቃድ! ቀሪዋን ቃል በላት! ሰኞ ነይ በላት እንጂ፣ ምን ይጎልብሃል?"

"እማማ፣ እኔ እንቢ አላልኩም። ከሥራ አስኪያጁ ጋር ልነጋገርና…"

"ክበባችን ሐሙስ ስለሚሰበሰብ አጀንዳ አስይዘዋለሁ" አለ ቶኩማ። "ከሥሩ እንዲፈታ።"

ነጅማ የኑኃሚንን እጅ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ እንደሚሰበር ዕቃ። ሻሿን አስተካክላ ተነሣች። "ሻይሽ ጥሩ ነው ኑኃሚን። እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የልጆቼ አባት ብቻውን ነው ያለው፣ ልሂድ።" ብርቱካኑን ትታልን ወጣች። በሩን ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

ያልነገርኳት ነገር ካለ ብዬ እስከ ደረጃው ልከተላት ስል በሱፍቃድ ከኋላዬ ይናገራል።

"እንደውም ጥሩ ሴት ናቸው፤ ተረድተውናል። ለማንኛውም ሰኞ የውጭ አገር ጭነት አለብን። ኑኃሚን እንደ ሰሞኑ ሁለቱን ሥራ ከያዘችልን እንወጣዋለን።"

"እንወጣዋለን" አለ ቶኩማ። "ግን ካርቶን ላይ ተቀምጣ አይሆንም። ደረጃውን የጠበቀ ወንበር እንዲገባ ሐሳብ አቀርባለሁ።"

"ወንበር ስታስገባ ቦታው ይጠባል፤ ያልከው ማሻሻያ የት ሊገባ ነው?"

"ቢጫ መሥመር ወለሉ ላይ ይሰመራላ!"

"አሁንም ቢጫ!"

ተሳሳቁ። ከልባቸው ነው የሳቁት፤ አሁንም እንደ ተስማሙ አየሁ። በሱፍቃድ ፊቱን ሳያዞር ስኒውን ወደ ጎን ዘረጋ። "ኑዬ፣ እስኪ ድገሚኝ።"

ኑኃሚን ከወንበሯ ተነሥታ ነበር። የተዘረጋውን ስኒ አየችው። አልተቀበለችውም፣ አልገፋችውምም። በአጠገቡ አልፋ ከበሩ ኋላ ካለው ምስማር ላይ ነጠላዋን አወረደች። በተጠቀለለ ጣት ጫማ ማሰር አልሆንላት ሲል ክሩን ወደ ውስጥ ሰካችው።

"ኑኃሚን፣ የት ነው? ሊዘንብ ነው እኮ ልጄ" አልኩ። "ሹራብ ልስጥሽ? ስልክሽንስ?"

በሱፍቃድ ስኒውን እንደ ዘረጋ ቶኩማን ስለ ወለሉ ስፋት ይጠይቀዋል።

ኑኃሚን ግንባሬን ሳመችኝ፤ በሩን ከፈተች፤ ሁለቱንም ሥራ ትታላቸው፣ እንደ ነጅማ ወጣች።